በሌላ ሰው ስም «ደህና ነኝ» ያልኩበት ደብዳቤ

ይህ የደረሰብኝ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ አምቦ ሳለሁ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ እረሳለሁ። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። ለባለቤቴም ቆንጽዬ እንጂ ሙሉውን ነግሬው አላውቅም።

የምሠራው በአንድ የእርሻ ትምህርት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነበር። መጽሐፍ ከማዋስ ሌላ የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ በታይፕ እመታለሁ፣ ወደ ውጭ መጽሔቶች እልካለሁ። ታትሞ ሲወጣ ደግሞ ከየአገሩ ቅጂውንና በጥናቱ የተለካውን ቁጥር የሚጠይቁ ሰዎች ይጽፋሉ። ለእነሱም አባዝቶ መላክ የእኔ ፋንታ ነው። ያን ጊዜ አንዱ የለካውን ሌላው የሚያገኘው በፖስታ ብቻ ነበር። እኔም በሥራዬ ችክ ያልኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ቁጥር ሳላመሳክር ከእጄ አትወጣም።

ከተመራማሪዎቹ አንዱ ለሜሳ ጉደታ ይባል ነበር። የወንጪ ልጅ ነው። በአባቱ ማሳ ላይ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ተክሎ፣ አራት ዓመት ሙሉ ዝናቡንና የገብሱን ምርት መዘገበ። ጽሑፉን እኔ መታሁለት። የመጽሔቱ ቅጽ የአባት ስም በሙሉ፣ የራስ ስም በአንድ ፊደል ይጻፍ ስለሚል «ጉደታ፣ ለ.» ብዬ ሞላሁ። «አባቴን ተመራማሪ አደረግሽው በይኛ» ብሎ ሳቀ።

ጽሑፉ ሳይታተም አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ዘመኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ በተቋሙ ውስጥ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፋ። እኔም አልጠራሁትም።

ጽሑፉ ግን ታተመ። «ውድ ዶክተር ጉደታ፣ እባክዎ ቅጂ ይላኩልኝ» የሚሉ ካርዶች ይጎርፉ ጀመር። ምን ብዬ ልመልስ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«የለም ብለሽ እንዳትጽፊ» አለኝ። «የት ሄደ ያሉ እንደሆነ ማን ይመልሳል? እንዳለ አድርገሽ መልሺ።»

ፈራሁ፤ እንዳለ አድርጌ መለስኩ።

አንድ ህንዳዊ ተመራማሪ ግን የየዕለቱን የዝናብ ቁጥር ፈልጎ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። የለሜሳን መዝገብ አውጥቼ ሳምንት ሙሉ ገለበጥኩለት። አብራ የምትሄደውን ደብዳቤ ስጽፍ እጄ እንደለመደው ሄደ። እኛ ደብዳቤ በጤና ነው የምንጀምረው፤ በእንግሊዝኛ ስንጽፍም ይህ ነገር አይለቀንም። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ወደ ቁጥሩ ገባሁ። ከሥር የለሜሳን ስም ጻፍኩ። ምን እንዳልኩ የታወቀኝ ፖስታ ቤት አስገብቼ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ቢሆንም ከሄደ ሄደ ብዬ ተውኩት።

ዓመት አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አከም ጂርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡኝ። «ጉደታ እባላለሁ። ከወንጪ ነኝ። ደብዳቤ መጥቶልኝ፣ የሚያነብልኝ እዚህ ነው አሉኝ።»

የለሜሳ አባት ኦቦ ጉደታ (ኦቦ እንደ አቶ ነው) ልጃቸው ከተወሰደ ጀምሮ በየገበያው ቀን ፖስታ ቤት እየሄዱ «ለጉደታ የመጣ አለ?» ይሉ ኖሯል። የድሮው ሠራተኛ የለም እያለ ይመልሳቸዋል። አዲስ የተቀጠረው ግን የተቋማችንን ፖስታ ሲለይ «ጉደታ» የሚል አገኘና ሰጣቸው። የውጭ አገር ቴምብር አለበት። ከካፖርታቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ።

እኔ ጅሏ፣ ቀድሜ ለራሴ ማንበብ ሲገባኝ ፖስታውን ቀድጄ ወደ ኦሮምኛ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመርኩ። «ውድ ዶክተር ጉደታ፣ ቁጥሮቹ ደርሰውኛል። አምና በጻፉልኝ ደብዳቤ ደህና መሆንዎን በመስማቴ ደስ ብሎኛል…»

«አምና?» አሉ። «አምና ነው የጻፈው?»

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ደህና ነኝ ብሎ?»

ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። አዎ ብላቸው የሚያውቅብኝ አልነበረም። አልሆነልኝም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቅጹን፣ ካርዶቹን፣ አለቃዬ ያለኝን፣ እጄ እንደለመደው መሄዱን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም። ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«አብሮት ታስሮ የነበረ ሰው ነግሮኛል» አሉ። «ሞቷል አለኝ። እኔ ግን ፖስታ ቤቱን አልተውኩም። ለእናቱም አልነገርኳትም።» ከዚያ በጣታቸው ወረቀቱን አሳዩኝ። «እስቲ ያችን ደግመሽ አንብቢያት።»

«የቷን?»

«ደህና መሆንህን ሰማሁ የምትለዋን።»

ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው ወሰዱት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ጎረቤታቸው፣ የለሜሳ እናት እየነገሯት የጻፈችው ነው። ቃሉ ኦሮምኛ፣ ፊደሉ የአማርኛ። «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። የዝናብ ቆርቆሮህን አባትህ ሰው አያስነካም። ያለህበት አገር ይበርዳል ወይ? መቼ ትመጣለህ?» ይላል።

«ቴምብሩን አይታ ውጭ አገር ያለ መስሏታል፤ መልስ ትጠብቃለች» አሉኝ።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይሄማ ኃጢአት ነው።»

«ጀምረሽዋል እኮ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

ጻፍኩ። እንደ እሱ ሆኜ ጻፍኩ። ብርዱ ይቻላል አልኩ፤ ሥራው ሲያልቅ እመጣለሁ አልኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጻፍኩ። የሚገርመው፣ እየቆየ ቀለለኝ። ለሜሳ እንዴት እንደሚቀልድ አስታውስ ስለነበር ቀልድም አስገባ ነበር። እናቱን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

አንድ ቀን ኦቦ ጉደታ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጡ። «ቀበርናት» አሉኝ። «ከእንግዲህ አትጻፊ። እግዜር ይስጥልኝ።» እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። እውነቱን ልናገርና፣ አዘንኩ፤ ግን ደግሞ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሁሉንም ለእናትየዋ ስንል ያደረግነው ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስፈታው የእኔው ደብዳቤዎች ናቸው፤ አራቱም።

«ጎረቤታችን አግብታ ሄደች» አሉ። «የሚያነብልኝ የለም።»

«ኦቦ ጉደታ፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ እኮ።»

«አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

አነበብኩ። የገዛ ቃሌን በኦሮምኛ፣ በልጃቸው ስም፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። አንድ ቦታ ላይ፣ ቀልዱ ጋ ስደርስ፣ ፈገግ አሉ። አራቱንም ስጨርስ በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሏቸውና ተነሱ።

«ለሜሳ ደህና ነው እንግዲህ» አሉ። ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ብዙ ሳልቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ የብዙ ሰው አጽም ከየቦታው ወጣ ሲባል ሰማሁ፤ የለሜሳን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አጠፋሁ ወይስ ደግ ሠራሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ። ፍርዱን ለእግዜር ትቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ ግን ሌላ ነው። ኦቦ ጉደታ ደህና ነው ብለው ሲወጡ፣ ያን ሁሉ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ፣ ለትንሽ ጊዜ አምኛቸው ነበር።