አዲሱ የጆሮዬ ታምቡር

ግራ ጆሮዬ መፍሰስ የጀመረው ገና ቆሜ ሳልሄድ ነው ይሉኛል። አርባ ምንጭ ወርጄ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ጥጥ ሳልወትፍበት ከቤት አልወጣም ነበር። ሽታው እንዳይታወቅብኝ ተማሪዎቼን እንኳ በግራዬ አላስጠጋም። ጠብታ ሲታዘዝልኝ ይደርቅና ጉንፋን ሲይዘኝ ተመልሶ ይፈሳል።

በመጨረሻ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሸማኔው አባቴ ከጨንቻ ወርዶ አብሮኝ ገባ። ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ ጆሮዬ ውስጥ አስገብታ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። መሀሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል።

“ታምቡርሽ ተበስቷል። መድኃኒት መግሉን ያደርቀዋል እንጂ ይህን አይደፍነውም። በቀዶ ጥገና እንዝጋው” አለችኝ።

“በምን ትደፍኑታላችሁ?” አለ አባቴ።

“ከራሷ በሚወሰድ ነው፣ አባባ። ከጆሮዋ በላይ ጡንቻውን የሸፈነ ስስ ነገር አለ። ከሱ ቆርጠን እናለብሰዋለን፤ ቀስ በቀስ ይያያዛል።”

“ሳይሰፋ?”

“ሳይሰፋ።”

ዕድሜውን ሁሉ ክር ሲያያይዝ የኖረው አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ቀረ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ያደነዘዙኝ ጆሮዬን ብቻ ነበር። ፊቴን በጨርቅ ሸፍነውኝ፣ ቀኝ ጆሮዬ ትራሱ ላይ ተጭኖ፣ ነቅቼ ተኛሁ። የደም መምጠጫው መሣሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ ያጓራል። እጄን ጨብጬ ጸለይኩ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

“አሁንስ ትሰሚኛለሽ?” የሚል የሐኪሟ ሹክሹክታ ሰማሁ።

የመጣው በግራዬ ነው! በዚያ በኩል ሹክሹክታ ሰምቼ አላውቅም።

“ዶክተር፣ በግራዬ ሰማሁዎት!”

“እሰይ! ግን እንዳትነቃነቂ።”

ሳልነቃነቅ አለቀስኩ።

ጆሮዬን በመድኃኒት በተነከረ ማሸጊያ ስለጠቀጠቁት ለሳምንታት መልሼ ደነቆርኩ። ያን ሹክሹክታ በሕልሜ ይሆን የሰማሁት እያልኩ ተጨነቅኩ። ማሸጊያው በወጣበት ቀን አባቴ ከእኔ ቀድሞ ስክሪኑ ፊት ቆመ። ቀዳዳው የለም። በቦታው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ተወጥሯል፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቀያይ መስመሮች ገብተውበታል።

“ይሄ ቀዩ ምንድነው?” አለ አባቴ።

“የደም ሥር ነው፣ አባባ። ያለበስነው ሽፋን ሕይወት ዘርቷል።”

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። በጋሞኛ የፈጣሪን ስም ደጋግሞ ጠራ።

እንድሰማው ብሎ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን ግን ከሐኪም ቤቱ እንደወጣን ዞሮ በግራዬ ሆነ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ፖም ዛፎቹ እያወራልኝ እስከ መናኸሪያው ሄድን።