ውሃ አበዛ ብዬ የመሰከርኩበት ግንበኛ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ በጾም ስለ ቀመስኩት እርጎ ስናዘዝ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ግን አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። አሁን ለአንተ እናገራለሁ፣ አንባቢ። የምታውቀኝ ከሆንክ «ጥብቅ ሰው ነው» ትለኛለህ። ሰፈሩም ልጆቼም ይሉኛል። ጥብቅ ነበርኩ፤ በሌላው ላይ።

መቱ ውስጥ ተጀምሮ የቀረውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አይተኸው ይሆናል። የሲሚንቶ ምሰሶዎቹ፣ ኮለኖቹ፣ ተሰነጣጥቀው፣ ብረታቸው ዝጎ፣ ፍየል ይታሰርባቸዋል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር መንግሥትን ይረግማል። ልክ አይደለም። መረገም ያለብኝ እኔ ነኝ።

ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከሰው ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው። ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው ሲባል ከእኔ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። «ውብሸት እምነት አያጎድልም» ተብሎ የሲሚንቶ መጋዘኑ ቁልፍ ተሰጠኝ።

በእኛ አገር በክረምት መሬቱ ያልበዋል። ሲሚንቶ መሬት መንካት የለበትም፤ ከሥሩ ጣውላ ይረበረብለታል። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። የደብራችን ንግሥ ሲደርስ ግን ለእንግዶች መቀመጫ ጠፋ። «ጣውላ አለኝ» አልኩ። አለኝ! የእኔ ነበር? ሲሚንቶውን መሬት ላይ አስደርድሬ ጣውላውን ላክኩ። ቄሱ በሕዝብ ፊት መረቁኝ። ያ ምርቃት ምን ያህል እንደጣፈጠኝ ልደብቅህ አልችልም። ለሦስት ቀን ያልኩት ሁለት ሳምንት አለፈው። «መልሱልኝ» ማለት አፈርኩ፤ የተመረቅኩበትን ነገር እንዴት ልጠይቅ?

ጣውላው ሲመለስ የሲሚንቶው የታችኛው ረድፍ እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሥራውን ለሚመራው መሐንዲስ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርቼ በመዶሻ አስፈጨሁት፣ በወንፊት አስነፋሁት፣ በከረጢት አስሞላሁት። እኔ ነኝ ያስፈጨሁት። ማንም አላስገደደኝም።

ግንበኛው ቶሌራ የዳሪሙ ሰው ነው። ከዚያ ሲሚንቶ እፍኝ ዘግኖ በጣቶቹ መሃል አሸው።

«ጋሼ ውብሸት፣ ይሄ ዱኤራ» አለኝ፤ ሞቷል ማለቱ ነው። «የሞተ ሲሚንቶ አይነሣም።»

«አንተ ገንባ። ሲሚንቶ የእኔ ሥራ ነው።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ።»

ሲሚንቶውን ባያምነውም እኔን አመነኝ።

ኮለኖቹ ሳይቆዩ ተሰነጠቁ፤ በጥፍር ሲፋቁ እንደ አመድ ይረግፉ ጀመር። ሥራው ቆመ። የከተማው አጣሪ ኮሚቴ ሕዝቡን ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበ። የቀን ሠራተኞቹን አስቀድሜ አስፈራርቼ ነበር። «ብትናገሩ የፈጫችሁት እናንተ ናችሁ» ብያቸዋለሁ። ስለዚህ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

«ሲሚንቶው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። ግንበኛው ነው፤ ውሃ ያበዛል።»

ከኋላ አንዱ «ሾርባ ነው እንዴ የሚሠራው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቶሌራ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ዓይኔን እያዩ?»

አየሁት። ዓይኑን እያየሁ ደገምኩት፤ «ውሃ ያበዛል።»

በዚያው ሳምንት ሴት ልጄ የፋኖስ መስታወት ሰብራ ካደችኝ። ገረፍኳት። «ከሰባሪ ካጅ ይብሳል» እያልኩ ገረፍኳት። እንዴት ያለ ምላስ ነው ያለኝ? እንዴት ያለ እጅ?

ቶሌራ ተባረረ። ስሙም «ቶሌራ ሾርባ» ሆኖ ቀረ። መቱም ጎሬም አጥር እንኳ የሚያሠራው ጠፋ፤ ኖፓ ገብቶ እሱ ላስተማራቸው ግንበኞች ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ። እኔ? እኔን የእድር ዳኛ አደረጉኝ። ስንቱን ውሸታም ቀጣሁ መሰለህ!

ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ ከተማው ያን ግንባታ እንደገና ማጣራት ጀመረ። ያች የገረፍኳት ልጄ የአጣሪው ጸሐፊ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «አባባ፣ መዝገቡ ላይ ግንበኛውን የሚከስ ሌላ ምስክር የለም እኮ። የእርስዎ ቃል ብቻ ነው» አለችኝ። በማግሥቱ ኖፓ ሄድኩ።

ቶሌራ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ይግቡ አላለኝም። ይቅር በለኝ አልኩት።

«ሊሞቱ ነው እንዴ ጋሼ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮልዎት?»

ጎንበስ ብዬ እግሩን ልይዝ ስል ከለከለኝ።

«እዚህ ደጄ መጥቶ በሹክሹክታ አይሆንም» አለ። «አዳራሽ ውስጥ ነው ያዋረዱኝ፤ እዚያው ይሂዱ። የሳቁት ይስሙ።»

«ከዚያ ይቅር ትለኛለህ?»

«ገበያ መጡ እንዴ?» አለና በሩን ዘጋው።

እውነቱን ነው። በንስሐ እንኳ ዋጋ ልከራከር ሄጄ ነበር።

ሐሙስ ኮሚቴው በዚያው አዳራሽ ይቀመጣል። ይህን ወረቀት እዚያ አነብበዋለሁ። ክረምቱ ነው አልልም። ጣውላው ለቤተ ክርስቲያን ነው የሄደው አልልም፤ የሰው ንብረት ሰጥቼ ምርቃት የገዛሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ አልልም፤ ቶሌራ ብቻውን ሲቆም እኔ አልፈራሁም ነበር፤ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ነበር። አንተንም ይቅርታ አልለምንህም፣ አንባቢ። ይቅርታው የቶሌራ ነው፤ እሱ ደግሞ አልሰጠኝም። መከልከሉም ትክክል ነው።

የዕለቱን ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ልጄ ናት። ትናንት ማታ ብቻችንን ራት ስንበላ ሁሉንም ነገርኳት።

«የአባቴ ቃል ነው ብለሽ እንዳታለሳልሺው» አልኳት በመጨረሻ።

ሳህኗን ይዛ ተነሣች።

«ድሮስ ላለሳልስልዎት ነበር?» አለችኝ።