ጎርፍን የምትቀድም ዶቅዶቄ

እጄ ሥራ ሲፈታ ይበላኛል። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት ተጋብዤ የላላ የበር እጀታ ካየሁ ተረጋግቼ መጫወት አልችልም፤ ጨዋታው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ዓይኔ እጀታው ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ጀመረህ ትለኛለች። የጀመረኝ ግን ዛሬ አይደለም። የጀመረኝ በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ወፍጮ ቤት ሞተር የማስነሳ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከአጎቴ በወረስኳት አሮጌ ዶቅዶቄ ነው።

አጎቴ መንገድ ሥራ ላይ ሲንከራተት የኖረ ሰው ነበር። ያችን በጣሊያን ጊዜ የመጣች ሞተር ሳይክል ከየት እንዳገኛት ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥቶኛል። እሱ ሲሞት ከአባቴ ቤት ጀርባ፣ የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ተጋድማ ቀረች። ዶሮዎች መቀመጫዋ ውስጥ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። አባቴ ብረቷ ማረሻ ይወጣዋል እያለ ወደ ቀጥቃጭ ሊልካት ሁለት ጊዜ ተነስቷል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ደረስኩና እየገፋሁ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ አስገባኋት።

አንድ በጋ ሙሉ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ካንዴላዋን በምላጭ ፋቅሁ፤ ካርቡራቶሯን በቤንዚን አጥቤ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ፣ ጂግለሯን፣ በፈረስ ጭራ ፀጉር ወለወልኩ፤ በብረቶቿ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗን፣ ከአሮጌ ጫማ ምላስ ቆርጬ ሠራሁ። ሰንሰለቷ፣ ካቴናዋ፣ ከአንድ የተጣለ የውሃ መሳቢያ የመጣ ስለነበር በየሳምንቱ ይወልቃል። ሰው ይስቅብኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አልለቀቅሁም። የተነሳች ቀን የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ በዝገት ተበስቶ ስለነበር ጩኸቷ ዞብል ተራራ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። የወፍጮ ቤቱ ሴቶች እህላቸውን ጥለው ወጡ። እኔ እንባዬ መጣ።

ያን ዘመን ግን ሞተር መኖሩ ብቻ መንገድ አያስከፍትም። ቤንዚን በወረቀት ነው፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድም የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። ጎብዬ ድረስ ሄጄ ልመለስ ብዬ ስነሳ የኬላው ጠባቂ ጉዳይህ ምንድን ነው ይለኛል። ጉዳይ የለኝም፣ መሄድ ፈልጌ ነው ብዬ በእውነት የመለስኩለት ቀን ግማሽ ቀን አስቀምጦኛል። ከዚያ በኋላ ጓሮ ውስጥ አስነስቼ፣ ቆሜ ድምፅዋን ሰምቼ አጠፋታለሁ። ይህ ደግሞ ከነጭራሹ ካለማስነሳት የባሰ ነው። ማታ ስተኛ እግሬ ማርሽ ይፈልጋል።

ከዚህ ያወጣኝ ጎርፍ ነው።

የእኛ ሜዳ የራሱን ሰማይ አያምንም። በስተምዕራብ ያለው ደጋ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ፀሐይ እየከረረ፣ ደረቁ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ያን ጎርፍ በአፈር ግድብ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳ ማስገባት ከአባት የወረስነው ሥራ ነው። ሰው አካፋውን ይዞ በሰዓቱ ካልቆመ ውሃው ግድቡን ጥሶ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ጠርተህ አትመልሰውም። ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብር፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሰው የውሃ አባት ይባላል። በእኛ ቦይ የውሃ አባቱ አባቴ ነበር። የውሃ አባት ደግሞ የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ሁሉም ካጠጣ በኋላ፣ በመጨረሻው ተራ ነው።

ድሮ ጎርፍ ሲነሳ ተራራው ግርጌ ያለ ሰው ጥይት ይተኩሳል፣ ታች ያለው ሰምቶ ይወጣል። በዚያ ዘመን ግን ጥይት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ሽማግሌ ለጎርፍ ተኩሰው አብዮት ጠባቂ እየሮጠ ከደረሰባቸው ወዲህ ማንም አልደፈረም። በጩኸት ለመቀባበል ሞከሩ፤ ነፋስ ሲነሳ ጩኸቱን ይበላዋል። አባቴ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት መጣና ያች ብረት ጩኸቷ እስከ የት እንደሚሰማ ጠየቀኝ። በሕይወቱ ስለ እሷ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

እንዲህ ተስማማን። ክረምቱን ወንዙ ከተራራው በሚወጣበት አፍ ላይ ጎጆ ቀልሼ እከርማለሁ። ጎርፉ ሲያጓራ ሞተሬን አስነስቼ በወንዙ ዳር መንገድ እወርዳለሁ፤ ሞተሩን የሰማ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይወጣል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ወረቀት ጻፈልኝ። ዶሮ ስትፈለፍልባት የነበረችው ዶቅዶቄ በወረቀቱ ላይ "የልማት ተሽከርካሪ" ሆነች፤ ቤንዚንም ተፈቀደላት። አባቴ ግን አንድ ነገር ጨመረ። በወንዙ መንገድ ያለ ውሃ አትነሳም አለ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ሰማይ ላይ ውጣ ቢለኝም እሺ እል ነበር።

የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከኋላዬ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል፣ እኔ በቁልቋሉ መሐል እወርዳለሁ፣ ግራና ቀኝ ሰው ከየቤቱ ይፈልቃል። ኬላ የለ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው የሚል የለ። ሴቶች እልል ይሉልኛል። ጎርፉን ቀድሜ ከታችኛው ማሳ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ዘወር እላለሁ፤ ውሃውም ትንሽ ቆይቶ አረፋውን እየደፋ ከተፍ ይላል።

በሁለተኛው ክረምት ሰማዩ ሰሰተ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአባቴ በቀር ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ አጠጥቶ ነበር። የቀጣዩ ጎርፍ ተራ የእሱ ነው። ማሽላው ሊያፈራ ደርሷል፤ አንድ ጎርፍ ካገኘ ዓመቱን ያበላናል፣ ካላገኘ አገዳ ብቻ ይሆናል። ይህን አባቴ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በየማለዳው ወደ ደጋው እናያለን። አሥራ አንድ ቀን ምንም አልመጣም።

አሥራ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? ፈታኋት። በሦስተኛ ማርሽ ላይ የምታደርጋትን ስርቅታ ፈልጌ ጂግለሩ ውስጥ አገኘሁት፤ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ቆሻሻ ነበረች። መልሼ ገጠምኩ። አሁን የተስተካከለ ነገር ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ መስተካከሉን ግን ሳልነዳ በምን ልወቀው? ከጎጆዬ ዝቅ ብሎ መንገዱ ዳር እስካለው ሾላ ዛፍ ድረስ ብቻ ልሂድ አልኩ። ሾላው ቅርብ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ነው ሰው የሚሰማው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሾላው ጋ ስደርስ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ። ስርቅታው የለም። እንደ ቅቤ ሄደች። እጄ ፍሬኑ ላይ ነበር፣ መያዝ እንዳለብኝም አውቅ ነበር። አልያዝኩም። ነፋሱ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ፣ የአሥራ አንዱን ቀን መቀመጥ ሁሉ ከላዬ አውልቆ ወሰደው። እየዘፈንኩ ነበር። ታችኛው ማሳ እስክደርስ ድረስ አንድም ጊዜ ስለ ውሃ አላሰብኩም።

ዘወር ስል ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። አካፋ የያዘ፣ በሬ የነዳ፣ ቀሚሷን የሰበሰበች። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው የለበሱም አሉ። ያኔ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ያን ዕለት ከታችኛው መንደር አንድ አረጋዊ ተቀብረው ሰው ገና እዝን ላይ ነበር። በእኛ አገር ከለቅሶ ሰውን የሚያስነሳ ጎርፍ ብቻ ነው፤ ለጎርፍ ከተነሳህ ሟች አይቀየምም ይባላል። እና ተነስተው መጡ። የሟች ሚስት ሳትቀር፣ ጥቁር እንደለበሰች፣ በእጇ መኮትኮቻ ይዛ ቦዩ አፍ ላይ ቆማለች። ውሃው የታለ አለችኝ። ወንዙን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አሸዋው ደረቅ ነበር።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። የእኔ አፈሳ የሚለቀም አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሞተሯ ትሰበር ያለም ነበር። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩ፤ ስለ ጂግለሩ ላስረዳ ጀምሬ አፌን ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይፈርዱ አባቴ ተነሳ። እኔን አላየም።

"ሰው ከለቅሶ ያስነሳው የኔ ልጅ ነው" አለ። "የሚመጣው ተራ የኔ ነው። ለሟች ቤት ይሁን።"

የሟች ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ተራ ሰጠ ማለት ምን ሰጠ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ ልጮህ ፈለግሁ። እኔን ቢመታኝ፣ ዶቅዶቄዋን ቢሰባብራት በወደድኩ። እሱ ግን አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለቀናትም አላናገረኝም። አሰብ ልጥፋ፣ ደሴ ልግባ እያልኩ ስገላበጥ ሰነበትኩ። ይዞ ያስቀረኝ አንድ ፍርሃት ነው፤ ጎርፉ ቢመጣ ማን ያምነኛል?

አባቴም ያሰበው ይህንኑ ኖሯል። ከሳምንት በኋላ ጠዋት አካፋውን ይዞ ጎጆዬ መጣ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን እንዲሁ ተቀምጦ ዋለ። የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ፣ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ፣ ከዚያ ከገደሉ ውስጥ ያ ማጓራት ተሰማ። ሞተሩን ደጋግሜ ረገጥኩ። በሦስተኛው ተነሳች። አባቴ ወደ እኔ መጣ። እንደዚያ ያለ ነገር ላይ በዕድሜው ወጥቶ አያውቅም።

"አስቀምጠኝ" አለ። "አንተን ባያምኑ እኔን ያምናሉ።"

አንድ እጁን ወገቤ ላይ ጠመጠመ፣ በሌላው አካፋውን ያዘ። ወረድን። ገና ከሩቅ አየሁት፤ ሰው ከየበሩ አንገቱን አውጥቶ ሞተሩን ይሰማል፣ ግን አይንቀሳቀስም። አባቴ ከኋላዬ በዚያ በድሮው አጠራር፣ ድምፁን እየሳበ፣ ውሃ ነው፣ ውሃ ነው እያለ መጣራት ጀመረ። የውሃ አባቱን ነጭ ጋቢ ሲያዩ ወጡ። አንዱ ሮጠ፣ ሌላው ተከተለ።

መንገዱ በአባቴ ማሳ ዳር ያልፋል። የማሽላው ቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ላይ ቆሟል። ቦዩ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። አባቴ ራሱ ከሳምንታት በፊት የጠረገው ነው። እጄ ሳላዘው ነዳጁን ቀነሰ። አባቴ ከኋላዬ በአካፋው እጀታ ትከሻዬን ነካኝ።

"አትቁም ልጀ።"

አልቆምኩም። ውሃው የሟችን ቤት ማሳ ጠግቦ እስኪፈስ አጠጣ። ያ የዓመቱ መጨረሻ ጎርፍ ነበር። በጥቅምት አባቴ ማሽላውን ለከብት አገዳ አጨደው፤ እህሉን ከእናቴ ወንድሞች እየተቀበልን ከረምን። የሟች ሚስት እሸት ስትልክልን አባቴ ተቀብሎ መርቋት በላ። እኔ አልወረደልኝም።

ዶቅዶቄዋን ከሁለት ዓመት በኋላ ኬላ ላይ ወታደሮች ለግዳጅ ብለው ወሰዷት። ወረቀቱን አሳየሁ፤ ወረቀቱንም አብረው ወሰዱት። ዋጃ አጠገብ ካቴናዋ ወልቆ ቦይ ውስጥ ተጥላ እንዳዩዋት ሰዎች ነገሩኝ። ሄጄ ፈለግሁ፣ አላገኘኋትም። ከዚያ በኋላ ቆቦ መቀመጥ አልቻልኩም። ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስል ዓመታት ሄዱ። አገር ቤት ስገባ ከአባቴ ጋር ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፣ ስለዚያ ክረምት ግን አናወራም።

አንድ ጊዜ፣ ያው ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ወቅት፣ አባቴ ሊሸኘኝ ቆቦ አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ መጣ። አርጅቷል። አውቶቡሱ ዘግይቶ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር ጀመረው።

"ያን ቀን በማሳየ ዳር ስናልፍ ማልቀስ ነበረብኝ" አለ። "ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። አላለቀስኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ነፋሱ ጋቢየን ሲነፋው ምነው መንገዱ ባላለቀ አልኩ። አንተ ሾላው ጋ ለምን እንዳልቆምክ ያን ጊዜ ገባኝ።"

አውቶቡሱ ሲመጣ ሻንጣዬን ብድግ አድርጎ አቀበለኝና በመስኮቱ ሥር ቆመ። ሌላ ሞተር ካገኘህ እስከ ዋጃ ብቻ ውሰደኝ አለኝ። እወስድሃለሁ አባየ አልኩት።

ሁለተኛ ሞተሬን ያገኘሁት እሱ ካረፈ በኋላ ነው።