ኩፍ ያለው ማስረጃ

ሰፈሩ ሁሉ ካዝና ይለው ነበር። ትክክለኛ ስሙን የምናውቅ ሰዎች ከሦስት አንበልጥም። ቅጽል ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሙያው ቁልፍ መቅረጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ባለ ሱቆች ቁልፉ ጠፍቶባቸው አልከፈት ያላቸውን ካዝና በቀጭን ሽቦና በትዕግሥት ከፍቶላቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ክንድ ቀድሞት የሚሄደው ሆዱ ነው። የትኛው እንደሚያመዝን ጠይቄው፣ «ፊት ለፊቴ ሲጠሩኝ ለሙያዬ ነው፤ ከኋላዬ ሲጠሩኝ ለሆዴ ነው» ብሎኛል።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል በኮምፖንሳቶ ለሁለት ከፍለን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ፣ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጠናል። እሱ ሞረድ ሲስብ የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ሳስነጥስ የእሱ ቁልፎች ይንኳኳሉ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሱና ሚስቱ አፍ ለአፍ እየተነጣጠቁ ነግረውኛል።

የካዝና ምሳ ለዓመታት አልተለወጠም። አንድ ማርማላታ የተቀባ ነጭ ዳቦ፣ አንድ ምንም ያልተቀባ ነጭ ዳቦ («ለማመጣጠን» ይላል)፣ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ፣ ከዚያ በላይ ክሬም የሞላበት ኬክ። አንድ ቀን ታዲያ የሚቀርጸው ቁልፍ ጥርስ ብዥ አለበት። አንዱን ቁልፍ ሁለቴ አበላሸ። ሦስተኛውን ሲያበላሽ ሚስቱ እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው።

ነርሷ ደሙን መርምራ፣ «ጋሼ፣ ስኳርዎ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ገና አልገባም» አለችው።

«ታዲያ በሩን ልቆልፍበታ!»

«ቁልፉ ይኸው» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችው። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ፣ በየቀኑ የእግር መንገድ። ስኳር በሻይ፣ ኬክ፣ ነጭ ዳቦ ይቅር። ወረቀቱን አምጥቶ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፤ በሦስተኛው ይለወጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ይሆን እንጃ።

ከዚያ ቡኒ ዳቦ ሊገዛ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«በአንዱ ቡኒ አራት ነጭ ይገዛል! ገባህ? ፉርሽካውን ሲያወጡት ያስከፍሉሃል፤ ሳያወጡት ሲቀሩ ደግሞ የባሰ ያስከፍሉሃል። ሳይሠሩ የቀሩትን ሥራ ነው የሚሸጡልኝ!»

ሚስቱ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት የምትሠራ፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ናት። ማታ ይህንኑ ሲያማርር ሰምታው፣ «ጋግረዋ» አለችው።

«እኔ?»

«ስኳሩ የማን ነው?»

ወፍጮ ቤት ሄዶ ስንዴ ከነገለፈቱ አስፈጨ። እውነትም ከፉርኖ ዱቄት በርካሽ ወጣለት፤ የመጀመሪያው ድል ይህ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም የመጨረሻው ሆኖ ቆየ። እርሾውን «ቶሎ እንዲሠራ» ብሎ በፈላ ውሃ በጠበጠው። የወጣውን ዳቦ በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ ሲያደርገው ቆመው የነበሩ ሁለት ሰዓቶች መሥራት ጀመሩ። በቢላዋ ሞከርን፤ ቢላዋው ተጣመመ። በብረት መጋዙ ሞከርን፤ ቆረጠ፣ ግን ብናኙ ከአፍ የሚገባ አልነበረም።

«ሚስትህ ምን አለች?» አልኩት።

«‹ለበሽታህ ነው የጋገርከው ወይስ ለጠላትህ?› አለች።»

ሁለተኛው ዳቦ ጠፍጣፋ ሆነ። ሦስተኛው ከውጭ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ። ኪሳቸው እህል የሚያስጥል ስላልሆነ ጥፋቱን ሁሉ በምስር ሾርባ እየነከረ በላው። በዚያ ወር በእርግጥ ከሳ፤ ግን እኔ እንደምገምተው በማኘክ ብዛት ነው።

ከፎቁ ሦስተኛ ደርብ ላይ አንድ ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ ብቻቸውን ይኖራሉ። «እሳቱ» እንላቸዋለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድጃ ፊት ስለቆሙ ነው የሚሉ አሉ፤ ደረጃ ላይ ያገኛቸው ሰው ግን በጠባያቸው መሆኑን ያውቃል። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ሊደፉ ወጣ ሲሉ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ቁልፉ ውስጥ ነው። በቢጃማ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ወረዱና፣ «አንተ ካዝና! ያን ሆድህን ሰብስብና ና ክፈትልኝ!» ብለው አገር አሸበሩ።

ካዝና በሁለት ደቂቃ ከፈተላቸው። ሽማግሌው ኪሳቸውን ሊፈትሹ ቢሉ ቢጃማው ኪስ የለውም።

«ሒሳቡ ይቅር፣ አባባ» አለ ካዝና። «ዳቦ ያስተምሩኝ።»

እሳቱ ካዝና ማታውን የጋገረውን አራተኛ ዳቦ አስመጥተው አገላብጠው አዩ። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«መቼ ሞተ?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ከእሳቸው አንድ ደርብ ከፍ ብሎ ወዳለው ካዝና ቤት እየወጡ ያስቦኩት ጀመር። «እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ አንተ በፈላ ውሃ ስትገድለው ከርመሃል። ውሃው ሕፃን የምታጥብበት ይሁን!» ይሉታል። «ያልተነፋ ዱቄት ውሃ ይወዳል፤ እጅህ ላይ ካልተለጠፈ ጡብ ነው የምትሠራው!» ይሉታል። አንድ ቀን ደግሞ እኔ በቆምኩበት፣ «ሰዓት አትይ! ሰዓት ውሸታም ነው! ሊጡን በጣትህ ተጫነው፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከሞላ ደርሷል» አሉ። ለሁለት ቀን አላናገርኳቸውም።

ምድጃ መግዣ ስለሌለ ወፍራም የብረት ድስት ከነክዳኑ አግለው፣ በውስጡ ጋገሩ። በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛ ዳቦ ወጣ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ሆዱ ለስላሳ፣ ሽታው ደረጃውን ይዞ እስከ እኛ ክፍል ድረስ የወረደ ዳቦ። ካዝና ቀድሞ ለእኔ ቆረሰልኝ፤ እስክውጥ ድረስም አፌን በዓይኑ ሲከታተል ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳው ዳቦውና ምስር፣ ወይ ዳቦውና ጥቅል ጎመን ሆነ። ሻዩን ግን ያለ ስኳር ሲጠጣ መድኃኒት እንደሚግቱት ሕፃን ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

ችግሩ የመጣው ከብርድ ወራት ጋር ነው። ቤታቸው ቀዝቃዛ ሆኖ ሊጡ ኩፍ አልል አለ። የእኛ ክፍል በር ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት እኔና እሱ እንበስላለን። ስለዚህ ሊጡን በሳፋ አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ቁልፎች ከሚሰቀሉበት ሰሌዳ ሥር አስቀመጠው።

«እዚህ ጋ አይሆንም» አልኩት።

«ጨርቅ አለው» አለኝ።

አንድ ከሰዓት ከመንገዱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት መጣች። ክኒን ሁለቴ የምትቆጥር፣ በር ሦስቴ ቆልፋ አራተኛ ጊዜ የምትገፋ ሴት ናት። የመጋዘኗን ቁልፍ ሰጥታው፣ አንድ ቅጂ እንዲሠራላት አዝዛ፣ «እዚሁ ቆሜ ነው የማየው» አለች። ግን ደንበኛ ከማዶ ሲጠራት ተሻገረች።

ካዝና ቁልፉን ሰሌዳው ላይ ሰቀለና፣ ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ሊጡን በጣቱ ሊጫን ጨርቁን ገለጠ። እኔ በዚያው ሰዓት አስነጠስኩ። ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ፤ ኮምፖንሳቶው ተንቀጠቀጠ፣ ቁልፉ ከሚስማሩ ወለቀና ሊጡ ላይ በጀርባው ተኛ። ካዝና ቀስ ብሎ አነሳው። ሊጡ ላይ የቁልፉ ምስል ቀርቷል፤ ጥርሱ፣ ቦዩ፣ ቁጥሩ ሳይቀር። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ እሱ ባለሙያ ነውና ተደነቀ።

«ና እይ!» አለኝ ቁልፉን ከፍ አድርጎ። «ሰም እንኳ እንዲህ አይዝም!»

ባለመድኃኒቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሌባ!» አለች። መንገዱ ሁሉ ሰማ።

«እመቤቴ፣ ወድቆ ነው። ቁልፉን በእጅሽ ሰጥተሽኝ ለምን በሊጥ እሰርቃለሁ?»

«አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራስህ!»

«አንድ ለራሴ ብፈልግ በማሽኑ ሁለት አልቀርጽም?»

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የበፊቱን ደገመችው። ከመስቀለኛው መንገድ ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፤ ሊጡን አየ፣ ቅርጹን አየ፣ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ ማስረጃውን ይዘን ጣቢያ ብንሄድ ይሻላል» አለ። ራሱ እንዳይሸከመው ሳፋው ላይ ሊጥ ተለጥፏል፤ የደንብ ልብሱ አዲስ ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪው ማስረጃውን ተሸክሞ ፊት ፊት ሄደ። ቀጥሎ ፖሊሱ፣ ቀጥሎ ባለመድኃኒቷ፣ ቀጥሎ እኔ። ከሦስተኛ ደርብ መስኮት እሳቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ንፋስ እንዳያገኘው! ሸፍኑት!» ይጮሃሉ። ወዲያው እሳቸውም ወርደው ተከተሉን።

የጣቢያው አዛዥ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለሳፋው ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀ።

«ምንድን ነው ይዛችሁ የመጣችሁት?»

«የቁልፍ ቅርጽ ያለበት ሊጥ ነው፣ ጌታዬ» አለ ፖሊሱ።

«ክፈተው።»

ጨርቁ ተገለጠ። ሊጡ የሳፋውን አፍ ሞልቶ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ተነፍቶ፣ ወለል ብሎ ተቀምጧል። ቅርጽ የሚባል ነገር የለም።

አዛዡ ሊጡን አየ፤ ከዚያ ፖሊሱን አየ። «የታለ?»

«ነበረ፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን... ኩፍ ብሏል።»

«‹ማስረጃው ኩፍ ብሏል› ብዬ ልጻፍ?»

«መንገድ ላይ አጥፍቶት ነው!» አለች ባለመድኃኒቷ።

«ከእጁ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም!» አለ ፖሊሱ፣ ተቀይሞ።

እሳቱ እያለከለኩ ገቡ። «ማንም አላጠፋውም! ሊጥ ነው፤ ሊጥ ቂም አይዝም! ብትጫነው ይሞላል፣ ብትጫነው ይሞላል!»

አዛዡ የመሳቢያውን ቁልፍ አውጥቶ በጨርቁ ጠረገው። ሊጡ ላይ ተጫነው፤ አነሳው። ጥርት ያለ ቅርጽ ቀረ። «ሰዓት ያለው ማነው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የደንበኞች ሰዓት ስለምፈትን በሁለቱ እጄ ላይ አራት አስሬ ነበር።

«የትኛው ይሻላል?» አለኝ ፖሊሱ።

ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሁላችንም ሳፋውን ከበን ቆምን። ብስክሌት ጠፋብኝ ሊል የመጣ ሰው ጉዳዩን ረስቶ አብሮን አየ። የቁልፉ ጥርሶች አንድ በአንድ እየደበዘዙ፣ ቦዩ እየተዘጋ ሄደ፤ በመጨረሻ የቀረው የጉንጭ ስርጉድ የምታህል ነገር ናት።

«በዚህ የተቀረጸ ቁልፍ የቅቤ በር አይከፍትም» አለ አዛዡ። «ሂዱ ወደ ቤታችሁ።»

«የት ይሄዳል!» አሉ እሳቱ። «ተጫንከው፣ አስቆምከው፣ አሁን ካልተጋገረ ይወድቃል! ምድጃ የላችሁም?»

ነበራቸው፤ የጣቢያው ምግብ ቤት ውስጥ። እሳቱ ምግብ አብሳይዋን ከምድጃዋ ፊት ገፍተው፣ ሊጡን አድቦልቡለው አስገቡት። ሽታው መሄድ ሲጀምር ሥራ የበዛባቸው መኮንኖች ሁሉ ሥራ ፈቱ። ዳቦው ሲወጣ አዛዡ ቢላዋ አነሳ።

«አስቀምጥ!» አሉ እሳቱ። «በትኩሱ አይቆረጥም!»

አዛዡ አስቀመጠ። በዚያ ጣቢያ እሱን ሲያዙት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለመድኃኒቷ አንድ ቁራጭ በላች። «ጨው ይጎድለዋል» አለችና ሁለተኛውን ወሰደች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። በማግስቱ ቁልፏን ይዛ መጥታ፣ ቅጂውን እዚያው ቆማ አስቀርጻ፣ ሁለቱንም ፊቷ አስቆጠረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ ስኳር አለባቸው። የሱቁን ቡኒ ዳቦ በስንት ልመና ነው የሚቀምሱት፤ ዋጋውም አልቻልኩትም። ይሄኛውን እንዴት ነው የምትሠራው?» አለችው።

ካዝና ትንሽ ሊኮራባት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። ወደ ሦስተኛ ደርብ ላካት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቱ ቤት እሷ፣ ወጣቱ ፖሊስና ሁለት የፎቁ ሰዎች ማቡካት ይማሩ ጀመር። ሽማግሌው ሁሉንም «የእርሾ ገዳዮች» እያሉ ይሰድቧቸዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ደረጃ ላይ ሲያገኙን «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ለምደዋል፤ ይህንን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

በአራተኛው ወር ነርሷ የካዝናን ደም መርምራ ስኳሩ መውረዱን ነገረችው። ቀበቶውን ሦስት ቀዳዳ አጥብቋል፤ ቀዳዳዎቹን የበሳቸው በራሱ መሰርሰሪያ ነው። እንዳላጋንን ግን፣ አንድ ሐሙስ ከበሩ ጀርባ ጢሙ ላይ ክሬም ይዞ አግኝቼዋለሁ። «ለማነጻጸር ነው» አለኝ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውኝ ነበር። ሚስቱ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እሱ ሥራ በዋለባቸው የዕረፍት ቀኖቿ ተደብቃ ስትለማመድ ከርማ፣ ካሮትና ተልባ ያለበት ዳቦ ጋግራ አቀረበች። እሱ አንዱን ቁራጭ በላ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ይበላል። የእኔን አያህልም እንጂ።»

ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን ስታይ ዳቦውን ወደ እኔ አስጠጋችው፤ እሱ ግን እጁ ረጅም ነው።

«አያህልም ብለህ አራተኛ?» አለችው።

«የቱ ጋ እንደተሳሳትሽ እየፈለግኩልሽ ነዋ» አለና ጎረሰ።