ያልተመለሱት ሰዎች

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ዛሬውኑ» የሚላት፣ «ነገ ተመለስ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። ሥራዋ በነጻ የምክር ቢሮ ውስጥ ሰው ማማከር ነው። አከራዩ ውጣልኝ ያለው፣ ጡረታው የተቋረጠበት፣ ደመወዟን የተከለከለች፣ ሁሉም መጥቶ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። እሷም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ትደውላለች፤ ጉዳዩ መቋጫ ሳያገኝ ስልኩን አትዘጋም። በትሕትና መጨቅጨቅ ከፈለጋችሁ ከእሷ ተማሩ።

ደግሞ አንድ አመል አላት። የሚያሳፍር ነገር ካልሆነ በቀር፣ ባለጉዳዩ ችግሩን መጀመሪያ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት እንዲያወራ ታደርገዋለች። ከመካከላቸው በዚያው መንገድ ያለፈ አይጠፋም። «እኔም እንዳንተው ሆኜ ነበር፤ ይኸውልህ፣ እንዲህ አድርግ» ይለዋል። ግማሹ ሰው ጠረጴዛዋ ዘንድ ሳይደርስ መላውን አግኝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መዘዙም ይኸው ነበር። የከተማው አስተዳደር ለምክር ቢሮዎች በጀት የሚሰጠው ጠረጴዛው ፊት በተቀመጠ ሰው ቁጥር ነው። ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ፤ ብቻ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሰው እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቢሮ አንዱን ሰው «ነገ ና» እያለ ያመላልሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ይቆጠርለታል፤ ይወፍራል። የእሷ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይከሳል። ዘንድሮ ጭራሽ «ለሰፈሩ አንድ ቢሮ ይበቃዋል፤ ውሉን የምንሰጠው ብዙ ሰው ለሚያስተናግደው ነው» ተባለ። ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ አይቶ ሊወስን ነው።

«ቢዘጋም ሌላ ሥራ አታጪም» አላት የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ፣ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ።

«እኔማ አላጣም። አግዳሚው ላይ ያሉት ናቸው መላ የሚያጡት» አለችው።

ተቆጣጣሪው ኮስተር ያለ ጎልማሳ ነው። ሲደርስ አግዳሚው ሞልቶ፣ የተረፈው ሰው ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። እትዬ ዛሬውኑ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷ ተቀመጠችና «አከራዬ ሊያስወጣኝ ነው» አለች። ቤቱ የራሷ ነው፤ የባለቤትነት ወረቀቱን ለማስወጣት አብራት የተንከራተተችው እትዬ ዛሬውኑ ናት። ቀጥሎ የመጣው ተሸካሚ «ሚስቴ ከቤት አባረረችኝ» ብሎ አቀረቀረ። አግብቶ አያውቅም። በሩ ላይ ጸጉር አስተካካዩ ሽማግሌ ሰዉን ተራ ሲያስይዙ ስታይ ነገሩ ገባት። ሰፈሩ ቁጥሯን ሊያበዛላት ችግር ፈጥሮ መጥቷል።

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ዝም ብትል ውሉ የእሷ ነው፤ ተቆጣጣሪው እንደሆነ መቁጠሩን ተያይዞታል።

«ጌታዬ፣ አይቁጠሩ» አለችው ብድግ ብላ። «ዛሬ ባለጉዳይ የለም። እነዚህ ሰዎች ቢሮው እንዳይዘጋ ብለው ነው የሚዋሹልኝ።»

ተቆጣጣሪው ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረ።

«እርስዎም ችግር የለብዎትም?»

«ነበረብኝ እንጂ» አሉ። «ሱቄን ሊያሽጉብኝ ሲሉ እዚህ አግዳሚ ላይ ነው መላ ያገኘሁት፤ በዚያው ቀን አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ለምን ልምጣ?»

«ማዶ ያለው ቢሮስ?»

«እዚያማ ለዚሁ ለሱቄ ጉዳይ እስከ ዛሬ ቀጠሮ ይሰጡኛል። እኔም እሄዳለሁ፤ ወንበራቸው ይመቻል።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሽማግሌው ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ተቆጣጣሪውም ኮስታራነቱ አልጸናለትም። ከዚያ በኋላ ማንም ቁጥር አላነሳም፤ ሁሉም በየተራው ያለቀለትን ጉዳይ ሲያወራ ዋለ። ተቆጣጣሪውም ምሳውን ረስቶ ሲያዳምጥ ዋለ።

አስተዳደሩ ውስጥ ክርክሩ ቀላል አልነበረም አሉ። «የመጣ ይቆጠራል እንጂ የቀረ እንዴት ይቆጠራል?» ብለው የተሟገቱ አልጠፉም። ተቆጣጣሪው ግን ሙጭጭ አለ። በመጨረሻ ደንቡ ተለወጠ። በጀቱ በቅድሚያ ይሰጣል፤ ቢሮውን የሚመዝኑትም የተስተናገዱት ሰዎች ናቸው፣ ቤታቸው ድረስ ተሂዶ «ጉዳይዎ አለቀ ወይ?» ተብለው እየተጠየቁ። የመጀመሪያውን ዙር የጠየቀው ራሱ ተቆጣጣሪው ነበር።

አዲሱን ውል ይዞላት ሲመጣ አግዳሚው ላይ አንድም ሰው አልነበረም።

«ሰዎቹስ?» አላት።

«ቤታቸው» አለች እትዬ ዛሬውኑ። ባዶ አግዳሚ ሳትፈራ ስታይ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።