ክዳን የደፋሁበት ማሞቂያ

መጀመሪያ ወስፌ የያዝሁ ቀን አክስቴ የሰፋኋትን ትንሽ ሰፌድ ወደ ፀሐይ አንስታ አየቻት። ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ እያለ ገባ። «ይች ሰፌድ ናት ወንፊት?» አለችና ፈትታ ስንደዶውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ጥርሴን ነክሼ አክርማውን በስንደዶው ላይ አጥብቄ መጠምጠም ለመድሁ። ደባት ገበያ ላይ «የትርንጎ መሶብ ውሃ ቢሞሉት አያፈስም» ተባለልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወሬውን ያስወራሁት እኔው ነኝ።

አሁን ጥርሱም ረግፏል። ወስፌ ለምትይዙ ልጆች ይችን ላውጋችሁ። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔ ግን ባወራኋት ቁጥር ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ደባርቅ ዳር ላይ አዲስ ሎጅ ተከፈተ። የደባርቅን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከተራራው ሲወርድ በር አያንኳኳም። እዚያ ሎጅ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር የብረት ማሞቂያ አለ። ጓሮ በማገዶ የፈላ ውሃ በቧንቧ መጥቶ ይገባበታል፣ ቤቱን ያሞቃል። አንድ ቀን የእንግዳ ልጅ ብትደገፈው እጇን ለበለባት። ሥራ አስኪያጁ ሰሎሞን፣ የልጅ ልጄ እኩያ ነው፣ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እማማ ትርንጎ፣ ለማሞቂያዎቹ ሽፋን ይስፉልኝ። እጅ እንዳይነካቸው፣ ደግሞም ለዓይን እንዲያምሩ።»

ሄጄ አየሁት። ጎድኑ የገጠጠ የከሳ በሬ ይመስላል። «ይኸን እርቃኑን አቁማችሁ ነው እንግዳ የምትቀበሉት?» አልሁት። እኛ ቤት መሶብ ክዳን አለው፣ በክዳኑም ላይ ልብስ አለው። የክት ዕቃ ራቁቱን አይቆምም።

እናም በየክፍሉ ያለውን ሁሉ አለበስሁት። ስፌቱ ብረቱን እንዳይነካ የቀርከሃ ማቀፊያ አቆምሁ። ፊትና ጎኑን በስንደዶና በአክርማ ሰፋሁ፣ ቀይና ጥቁር በተነከረ አለላ ሐረግ ጣልሁበት። ላዩ ላይ እንደ መሶብ ክዳን ደፋሁበት፣ ታቹን እስከ ወለሉ አወረድሁት። ወደ ፀሐይ አንስቼ ባየው አንዲት ጭላንጭል የለውም። አክስቴን ከመቃብር ቀስቅሼ ባሳየኋት ብዬ ተመኘሁ።

ሽፋኖቹን የገጠመልኝ የሎጁ ቧንቧ ሠሪ ሙሉቀን ነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ የሦስት ልጆች አባት።

«እማማ፣ እኔ ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አላማረብኝም» አለኝ።

«ያንተን ፊት ማን ይስፋው!» አልሁት።

በማግስቱ ልመሰገን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁ። ቁርስ ቤት ስገባ እንግዶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሻይ ብርጭቆ አቅፈው ይንቀጠቀጣሉ። ሰሎሞን መካከል ላይ ቆሞ ሙሉቀንን ይቆጣል።

«ትናንት የነካካኸው አንተ ነህ! ከትናንት ወዲህ አንድም ክፍል አልሞቀም። ማሞቂያውን ገደልኸው። ዕቃህን ሰብስብና ውጣልኝ!»

ሙሉቀን ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሽፋኑን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «እንግዲህ... ምን እንደሆነ እንጃ» አለ። መፍቻዎቹን ወደ ከረጢቱ መክተት ጀመረ።

ያ አስተያየቱ ነው የነገረኝ። የሽፋኑን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ እጄን ሰደድሁት። ውስጡ ዳቦ ይጋግራል! አጥብቄ የሰፋሁት ስፌት ሙቀቱን ይዞ አልለቅ ብሏል።

ልውጣ አልሁ በሆዴ። በሩ ቅርብ ነበር። ልጁ ግን ከረጢቱን ሊያስር ነው።

«ሰሎሞን፣ ልጁን ተወው። ማሞቂያው አልሞተም። እኔ ነኝ በቁሙ የገነዝሁት» ብዬ ክዳኑን ብድግ አደረግሁት። ሙቀቱ ቦግ ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ አስተናጋጇ ሳቀች። ሰሎሞን ተከተላት። እንግዶቹም ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። ሰውን የማስቀው እኔ ነበርሁ፤ ያን ዕለት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። ሙሉቀን ብቻ አልሳቀም።

ስንወጣ «አውቀህ ነበር አይደል? ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

«እንዴት ብዬ፣ እማማ? በሰው ፊት ስፌትዎን ላዋርድ?»

«ልጆችህን ይሉኝታ ልታበላቸው ነበር?»

ከረጢቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሳቁ ሁሉ ያ «ስፌትዎን ላዋርድ?» ያለው ቃል አቃጠለኝ። እኔ በስፌቴ ስኮራ ሰው ሁሉ ፈርቶኝ ኖሯል።

እንደገና ሰፋሁት። ላዩን ክፍት ተውሁ፣ ከሥሩ ክፍተት አበጀሁ፣ ፊቱን ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት። እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ቀዳዳ በተውሁ ቁጥር ሌላ ስፌተኛ ገብታ እንዳታይብኝ በሩን አያለሁ። ዛሬ ደባት ገበያ ስደርስ ሴቶቹ «እማማ ወንፊት መጡ!» ይሉኛል። ይበሉኝ። ክፍሉ ይሞቃል፣ የልጅ እጅ አይለበለብም፣ ሙሉቀንም ሥራው ላይ ነው።

መሶብ የሚከደነው ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው፤ ማሞቂያ የሚተከለው ሙቀቱ እንዲወጣ ነው። ለማሞቂያ ስትሰፉ ላዩንና ታቹን ክፈቱ፣ ፊቱን አሳሱት። ስትጨርሱ ደግሞ የሚገጥምላችሁን ሰው «ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።