የማክሰኞው ሴሚናር እና ቶትካ ሚንቼቫ

ቶትካ ሚንቼቫ በዩኒቨርሲቲው ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ የቢሮዋ በር ላይ ያለው ስም ሰባት ጊዜ ተለውጧል። መጀመሪያ የተመራማሪዎች ክፍል ተባለ፤ ቀጥሎ የዶክትሬት ክፍል፤ ከዚያ የድኅረ ምረቃ አገልግሎት፤ የቀረውን እሷም ረስታዋለች። ዩኒቨርሲቲውን የሚመራ አዲስ ሬክተር በተመረጠ ቁጥር ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ደንብ ያሻሽላል፣ የጥገናው ሰውዬ ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ መጥቶ የበሩን ጽሑፍ ይቀይራል። ከበሩ ወዲህ ግን ያችው ቶትካ፣ ያው መደርደሪያ፣ ያው የማክሰኞ ሴሚናር ነው።

ሴሚናሩ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይካሄዳል። በዓመት ሦስት ጊዜ የቀረ የዶክትሬት ተማሪ ይሰናበታል። ደንቡ ሲጻፍ ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉም እዚያው ግቢ የሚኖሩ ወጣት ረዳት መምህራን። ለእነሱ ማክሰኞ አራት ሰዓት ማለት ከአልጋ ተነስቶ ወደ ማድቤት እንደመሄድ ነበር። አሁን መቶ አርባ ሆነዋል። ነርስ አለ፣ የገጠር መምህር አለ፣ የዳኑብ ወንዝ ወደብ መሐንዲስ አለ፤ ልጅ ያለው፣ የታመመች እናት የሚያስታምም አለ። ሰዎቹ ሌላ ሆኑ፤ ደንቡ ግን የትናንቱ ነው። የስንብት ደብዳቤውን የምትጽፈው ደግሞ ቶትካ ናት። ዓይኗን ጨፍና ልትጽፈው ትችላለች። አንድ ጊዜ ምሳ እየበላች ሦስት ጽፋለች፤ ያን ቀን ስታስታውስ ታፍራለች።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ሩሚያና ኮስቶቫ ቢሮዋ ገባች። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የከተማው ውሃ አገልግሎት መሐንዲስ። ያረጁ ቧንቧዎች የት ላይ እንደሚፈነዱ አስቀድሞ ስለማወቅ ሦስት ዓመት ስታጠና ቆይታለች። ቦቲዋ ጭቃ ነበር።

«ደብዳቤዬን ልወስድ መጣሁ፣ ወይዘሮ ቶትካ። በፖስታ መጥቶ እናቴ ከምትከፍተው በእጄ ብቀበለው ይሻለኛል።»

«ደሞ ቀረሽ? ምን ሆነሽ?»

«ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። ሁለት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ።»

«ያ የምትጽፊበት ቧንቧ?»

«እሱ ራሱ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ‹ይፈነዳል› ብዬ ነበር፤ አላሳፈረኝም።» ሩሚያና ሳቀች፤ ሳቋ ግን እመሃል ላይ ተሰበረ። «ታዲያ አለቃዬን ምን ልበለው? ‹ቧንቧውን ተወው፣ ስለ ቧንቧ ሴሚናር አለኝ› ልበለው?»

ቶትካ ቅጹን አወጣች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ጀግንነት አልነበረም፤ ድካም ነው። ቅጹን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ማተሚያው ዛሬ አይሠራም።»

ማተሚያው ከጎኗ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል።

«መቼ ይሠራል?»

«እንጃ። ከዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት ስብሰባ በኋላ ይሆናል።»

ሩሚያና ማተሚያውን አየች፣ ቶትካን አየች፣ ወጣች።

በማግሥቱ ቶትካ የአሥር ዓመት ዶሴ ከመደርደሪያ አወረደች። የተሰናበቱት ሃምሳ ሁለት ነበሩ። በምሳ ሰዓት፣ ከማዕዘኑ ሱቅ የምትገዛው ባኒጻ የሚሉት ባለ አይብ ቂጣ እየቀዘቀዘ፣ አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አርባ አንዱን አገኘች። አንዱ ገና የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲሰማ ሰድቧት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። አንዲት የታሪክ መምህር ደግሞ «ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ለምን ቀረሽ› ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» ብላ ምክንያቷን ነገረቻት። ሠላሳ አራቱ ስለ ምርምር ክብደት ወይም ስለ አማካሪ ክፋት አላነሱም። ያነሱት ማክሰኞ አራት ሰዓትን ነው።

ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አሥራ ሰባት ፕሮፌሰሮች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ቶትካ እንደ ወትሮዋ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ምክትል ሬክተሩ ካሊን ቬሌቭ ስለ አዲሱ የዶክትሬት ትምህርት ቤት ገለጻ አደረገ፤ ምዝገባው፣ ማመልከቻው፣ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ይሆናል አለ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ፣ ብላ አሰበች ቶትካ፤ ያለውን ግን ቃል በቃል ጻፈች። «ልዩ ልዩ ጉዳይ» ሲባል እጇን አወጣች።

ቬሌቭ ግራ ገባው። «ወይዘሮ ቶትካ፣ ጸሐፊ እኮ... አሠራሩ አይፈቅድም።»

«ካሊን፣» አሉ በስብሰባ ላይ ማንቀላፋት የሚያዘወትሩት ሽማግሌው ፕሮፌሰር አስፓሩህ፣ «በሠላሳ ዓመት አንዴ እጇን ያወጣችን ሴት ዝም ካሰኘን፣ እኛስ ምን የምንረባ ነን? ትናገር።»

ከወረቀቷ አነበበች። ሃምሳ ሁለት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ አራት። ስታበቃ ቬሌቭ ጠየቃት።

«ይህን ጥናት ያዘዘዎት ማነው?»

«ማንም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልተሠራው።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ዕውቀት በሰው ሥራ ሰዓት አይለካም አለ። ሴሚናሩ ወደ ቅዳሜ ይዛወር ሲባል ደግሞ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ተቆጣ። «ቅዳሜ የወይን ቦታዬን የምገርዝበት ቀን ነው!»

«ያንተን ወይን ቀምሰነዋል፤» አሉ አስፓሩህ። «ተገረዘም አልተገረዘ ያው ኮምጣጤ ነው።»

ከሳቁ በኋላ ድምፅ ተሰጠ፤ ዘጠኝ ለስምንት። ሴሚናሩ ቅዳሜ ሆነ፤ በሥራ ግዴታ የቀረም ማስረጃ ካቀረበ አይሰናበትም፣ በዚሁ የተሰናበተም መመለስ ይችላል ተባለ። አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ አንዳች ክርክር ጸደቀ፤ በዚያ ውስጥ የቶትካ ክፍል በሰኔ ይዘጋል የሚል አንቀጽ ነበር። ሁለቱንም ውሳኔ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ መዘገበች። ሲወጡ ቬሌቭ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ቅር እንዳይልዎት። በእርስዎ አይደለም፤ ጊዜው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ጊዜው ሁልጊዜ የሚመጣው በእኔ በር ነው።»

ከሠላሳ አራቱ የተመለሱት አምስት ብቻ ናቸው። የቀሩት አንዳንዶቹ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ ጀርመን ሄደዋል፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ነገሩ እጅ እጅ ብሏቸዋል። ቶትካ የመጨረሻዋን የብርድ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ በታመመ ጉልበቷ ሦስት ፎቅ እየወጣች የሴሚናሩን አዳራሽ ከፈተች። ማንም አመሰግናለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ግን አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ፣ አንዲት ነርስ ከነሥራ ልብሷ ከኋላ ቆማ ማስታወሻ ስትጽፍ አይታ፣ ወንበር ፍለጋ ጎረቤት ክፍል ድረስ ሄደችላት።

ጡረታ ከወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ ሩሚያና ደወለችላት። የዶክትሬት ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ተቆርጧል።

«ፊት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጥዎት።»

ቶትካ እንባ እንባ አላት። ፎቁንና ደረጃውን አሰበች፤ ያንን ረጅም ጠረጴዛ አሰበች።

«አልመጣም፣ ልጄ። ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ያውቃል። ግን ደክሞኛል።»

«ይረፉ እንግዲህ፤» አለቻት ሩሚያና። «እኔ ሲያልቅ ቤትዎ እመጣለሁ።»

በእርግጥም ጽሑፏ ባለፈ ማግሥት መጣች፤ አበባ ይዛ፣ ከሥራ በቀጥታ። በሩን ስታንኳኳ ግን ቶትካ ሶፋው ላይ ጥልቅ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ጎረቤቷ አበባውን ተቀበለቻት።